የራስን ታሪክ ስንጽፍ፣ የሌላውስ?

ባለፈው ሳምንት በቲያትር ክበባችን ስለ ተነበበው ድርሰት ብዙ ተብሏል። በሻይ ቤት ተብሏል፣ በመኝታ ክፍል ተብሏል፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍም ሳይቀር ተብሏል። በዚህ ግድግዳ ላይ ግን አልተጻፈም። ዝምታው ስላልተዋጠልን ብዕር አነሳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሠልጣኝ ጓደኛችን በሃይማኖት ልዩነት የተነሳ የፈረሰ ፍቅሩን በዘፈን የታጀበ አጭር ቲያትር አድርጎ ጻፈው። ድርሰቱ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ክበባችን ካየናቸው ሁሉ ይሻላል። ዳሩ ግን ገና ሁለተኛው ገጽ ሲነበብ ልጅቷ ማን እንደ ሆነች አዳራሹ በሙሉ አወቀ። ስሟ ተቀይሯል፤ አረማመዷ፣ ሰፈሯ፣ የእናቷ አነጋገር ግን እንዳለ ነው። እሷም ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ተነስታ ወጣች። ከዚያ በተደረገው ውይይት «የጻፈው የራሱን ሕይወት ነው፣ ማን ይከለክለዋል?» ተባለ፤ አንድ መምህራችንም ይህንኑ ደገፉ።

ለመምህራችን ያለን አክብሮት እንደ ተጠበቀ ሆኖ እኛ በዚህ አንስማማም። የማንስማማበትንም ምክንያት ከሩቅ አገር በመጣ አንድ ሥራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አሜሪካዊው የዜማና የግጥም ደራሲ ጄሰን ሮበርት ብራውን «ያለፉት አምስት ዓመታት» የተባለ አነስተኛ ሙዚቃዊ ተውኔት አለው። በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2001 ቺካጎ አጠገብ ስኮኪ በምትባል ቦታ በኖርዝላይት ቲያትር ሲሆን፣ በ2002 ኒውዮርክ ገባ። አነስተኛ ያልነው ተዋንያኑ 2፣ ሙዚቀኞቹም 6 ብቻ ስለሆኑ ነው፤ ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ሁለት ቼሎ፣ ጊታርና ቤዝ። (እኛ እኮ 18 ሰው መድረክ ላይ ካልተሰለፈ ቲያትር የሠራን አይመስለንም!) በ2014 የወጣውን ፊልሙን አንዳንዶቻችን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተጨናንቀን ሁለት ጊዜ አይተነዋል።

ታሪኩ የሁለት ወጣቶች ነው። ጄሚ አይሁዳዊ ነው፤ ገና በ23 ዓመቱ ስሙ የተጠራ ደራሲ። ካቲ አይሁዳዊት አይደለችም፤ መድረክ የምትመኝ ተዋናይት ናት። ለምርጫ ትፈተናለች፣ ትወድቃለች፣ ክረምቱን ኦሃዮ ሄዳ በአንድ ቲያትር ቤት ትሠራለች። ይዋደዳሉ፣ ይጋባሉ፣ ይለያያሉ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለውም። አዲሱ አቀራረቡ ነው። ጄሚ ታሪኩን ከመጀመሪያው ቀን ተነስቶ ወደ ፊት ይዘፍናል። ካቲ ግን ጥሏት ከሄደበት ቀን ጀምራ ወደ ኋላ ትመለሳለች። እሱ በደስታ ሲፈነጥዝ እሷ ታለቅሳለች፤ እሱ ሊሄድ ሲሰናዳ እሷ ገና ፍቅር ይዟት ትስቃለች። ጊዜያቸው የሚገጥመው መካከል ላይ፣ በሠርጋቸው ነው። ያንን ስናይ ክፍሉ ውስጥ የተነፈሰ አልነበረም።

እምነቱስ? ጄሚ መጀመሪያ ላይ የሚዘፍነው ከወገኖቹ ውጭ የሆነች ልጅ በማግኘቱ እየቦረቀ፣ የእናቱንም ሐዘን በቀልድ እያነሳ ነው። ለገና ደግሞ ስለ አንድ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ተረት ይተርክላታል። ሰውዬው ያለመውን ቀሚስ ለመስፋት ጊዜ አጥቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ግን ጊዜ ይሰጠዋል። ከዚያ ለካቲ የእጅ ሰዓት ያበረክትላታል፤ ጊዜ አለሽ፣ መድረክሽን ሞክሪ ማለቱ ነው። ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጥብናል፤ ሁለቱ እምነቶች ያለ ስብከት አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋልና። ከዚያ ወዲያ ግን ደራሲው የእምነቱን ጉዳይ እርግፍ አድርጎ መተዉ ጉድለት ነው እንላለን። በኛ አገር ቢሆን ጾሙም፣ ሽማግሌውም፣ የዘመድ ኩርፊያውም ይመጣ ነበር። ጓደኛችን ይህን አልዘለለም፤ እዚህ ላይ ከአሜሪካዊው ይበልጣል ብንል አላጋነንም።

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ብራውን ተውኔቱን የቀዳው ከራሱ ከፈረሰ ትዳር ነው። ጄሚን ዜማ ደራሲ ሳይሆን የልብ ወለድ ጸሐፊ በማድረግ ራሱን በመጠኑ ሸፈነ። የቀድሞ ባለቤቱ ግን ታሪኩ የኛን ኑሮ ከልክ በላይ ይመስላል ብላ በሕግ ልትጠይቀው ተነሳች። በዚህ የተነሳ ካቲ እሷን እንዳትመስል አንድ ዘፈን ወጥቶ በሌላ ተተካ። አሁን የሚሰማው፣ ቅድም ያነሳነው የጄሚ የቡረቃ ዘፈን፣ ያ ተተኪው ነው።

ታዲያ ተውኔቱ ምን ጎደለበት? ምንም! በዚያው በ2002 ብራውን የድራማ ዴስክን ሽልማት በዜማም በግጥምም ወሰደ፤ ሥራው በ2025 ብሮድዌይ ደረሰ።

ልብ በሉ፣ ብራውን ለካቲ ከመድረኩ ግማሹን ሰጥቷታል። ግራ ቀኙ ይሰማ ብሏል። ቢሆንም ሴትዮዋ ቅር አላት፤ አይፈረድባትም። ካቲ የምትናገረውንም የጻፈው እሱ ነዋ! ባለጉዳዩም፣ የተቃራኒው ወገን ጠበቃም፣ ዳኛውም አንድ ሰው የሆነበት ችሎት ነው። በጓደኛችን ድርሰት ውስጥስ? ቆጥረናል። እሱ 5 ዘፈን አለው፤ እሷ አንድም የላት። የምትናገረው አራት መስመር ነው፤ ሁለቱ «አይሆንም» የሚሉ ናቸው።

ሁሉን ሰው አስፈቅዶ የሚጽፍ ደራሲ ምንም አይጽፍም የሚለው እውነት አለው፤ እኛም እርስ በርሳችን ተከራክረንበታል። ልጅቷ ድርሰቱን ታግድ አላልንም። ለሕዝብ ከመነበቡ በፊት ታንብበው፣ ማንነቷን የሚያጋልጠው ይቀየር፣ እሷም የምትዘፍነው ይኑራት ነው ያልነው። ደግሞስ እኛ እጩ መምህራን ነን። ነገ ክፍል ገብተን ሕፃናቱን «ስለ ቤታችሁ ጻፉ» ማለታችን አይቀርም። አንዱ ልጅ የአባቱንና የእናቱን ጠብ ጽፎ ሲመጣ «ጎበዝ፣ ውጣና አንብብ» ልንለው ነው?

ድርሰቱ በመጪው ሐሙስ እንደገና ይነበባል ተብሏል። ጓደኛችን ከዚያ በፊት አንድ ቅጂ ለልጅቷ ያድርስላት። ፊት ለፊት መስጠቱ ከከበደው እኛ እናደርስለታለን።