የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲምና የእናት በግ

ባለፈው ዓመት ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከመኝታ ክፍላችን ልጆች አንዱ ለንግሥ ሄዶ ሲመለስ ኪሱ ባዶ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት እናቱ በግ ሸጠው ለጫማ፣ ለደብተርና ለፎቶ ኮፒ እንዲሆነው 6,000 ብር ልከውለት ነበር። ልጁ ግን የሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ ሰው በድምፅ ማጉያ የሰጪዎቹን ስም እየጠራ ሲያስመርቅ ሰምቶ ልቡ ተነካና አንድም ሳያስቀር ሰጠ።

በዚያው ማታ በክፍላችን ክርክር ተነሣ። እኩሌቶቻችን፣ ያለውን ሁሉ የሰጠ ሰው ብፁዕ ነው ብለን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተጻፈችውን፣ ሁለት ሳንቲም ወደ መዝገብ የጣለችውን ድኻ መበለት ጠቀስን። እኩሌቶቻችን ዝም አልን። (ዝም ያልነውም ጨዋነት ይዞን አይደለም፤ መልስ ስላልነበረን ነው።) በግንቦት እናቱ ደወሉ። የማዳበሪያው ዋጋ አልሞላ ብሏቸዋልና ከላኩት የተረፈ እንዳለ ግማሹን እንዲመልስላቸው ለመኑት። ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሲመለስም ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

እንግዲህ በጥር ያጣነው መልስ ይህ ይመስለናል። መበለቲቱ የጣለችው የራስዋን ሁለት ሳንቲም ነው፤ ወንድማችን የሰጠው ግን የእናቱን በግ ነው። ደግሞም የመበለቲቱን ታሪክ የሚያነብ ሰው ከእርሱ በፊት ያለውን ቁጥር ዘልሎ ማለፍ የለበትም። ጌታ መበለቲቱን ከማመስገኑ አስቀድሞ፣ ጸሎታቸውን እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጻፎች ገሥጿል። በዐውደ ምሕረት ደጋግመን የምንሰማው ምስጋናውን ነው፤ ተግሣጹን የሰማንበት ቀን ትዝ አይለንም።

በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 7 ደግሞ የቁርባን ነገር አለ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው አባትና እናቱን ሊረዳበት የሚገባውን ገንዘብ ለእግዚአብሔር የተሳለ ነው ካለ፣ ወላጆቹን ከመጦር ነጻ ይሆን ነበር። ጌታ ይህን የሃይማኖት ትጋት አላለውም፤ በሰው ወግ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መሻር ነው አለው። ወንድማችን ተንኰል አስቦ እንዳላደረገው እኛ ምስክሮች ነን። በግንቦት የገበሬዋ ሴት እጅ ባዶ መቅረቱ ግን ያው ነው።

አሥራት አይከፈል የምንል እንዳይመስልባችሁ። ቤተ ክርስቲያን ያለ ምእመናን ስጦታ እንደማትኖር እናውቃለን፤ ነገሩም እንደ ቀድሞው አይደለም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሰፊ መሬት ነበራት፤ የብዙ ካህናትም ቀለብ ከዚያው ይወጣ ነበር። (በዚያ ዘመን ዋናው ሰጪ ገባሩ ነበር፤ ዳሩ ግን ስሙን ጠርቶ ያስመረቀው አልነበረም።) በዚያ ዓመት በየካቲት የገጠሩ መሬት፣ በሐምሌም የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወሰደ ወዲህ ሸክሙ በምእመናን ኪስ ላይ ወደቀ። የከተማው ደብር ከዚህ ኪስ ደመወዝ ሲከፍል፣ በገጠር ያለው ቄስ ግን ዛሬም ቀድሶ ወጥቶ ሞፈር ይሸከማል።

ታዲያ አሥራት የማን ነው? ሰባክያኑ የሚጠቅሱልን ሚልክያስ ምዕራፍ 3ን ነው፤ አሥራቱን ወደ ጎተራ አግቡ የሚለውን። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ደግሞ በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት በየከተማው ተቀምጦ ርስት የሌለው ሌዋዊ፣ መጻተኛው፣ ድኻ አደጉና መበለቲቱ እንዲበሉት ያዝዛል። ስለዚህ ከደጀ ሰላሙ ሥር የተቀመጠው ነዳይ የአሥራቱ ባለ ድርሻ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነው። ይህ ልጅ በዕድሜ እኩያችን ነው፤ ነገ የሚቀድሰውና ቅኔ የሚዘርፈውም እርሱ ነው። እኛ ግን ለጉልላት ስንባል እንሽቀዳደማለን፤ ለጉባኤ ቤት እህል ስንባል ኪሳችንን እንዳብሳለን። ጉልላት ከሩቅ ይታያላ!

ይህ የኦርቶዶክሳውያን ደዌ ብቻ አይደለም። በሌላውም ወገን መስጠትን እንደ ዘር ቈጥረው መቶ እጥፍ ታጭዳለህ የሚሉ አሉ። እንዲህ ከሆነ ስጦታነቱ ቀርቶ ንግድ ሆነ፤ ለንግድ ደግሞ የንግድ ክፍል ጓደኞቻችን ከእኛ ይሻላሉ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ የሰጠኸው ለእግዚአብሔር ነውና የት ደረሰ ብለህ መጠየቅ ኃጢአት ነው ይሉናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን እንዲህ አላሰበም። ለኢየሩሳሌም ድኾች ገንዘብ ባስሰበሰበ ጊዜ (ልብ በሉ፣ ለድኾች እንጂ ለሕንፃ አልነበረም) ማንም እንዳይነቅፈው ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው ከገንዘቡ ጋር እንዲሄድ ማድረጉን በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ እናነባለን። ሐዋርያው ራሱ ያለ ምስክር ገንዘብ ካልያዘ፣ የእኛ ኮሚቴ ስለ ምን ይቈጣል?

የአገራችን ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ሥርዓት አላጣችም። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሟል፤ በዚህም ጉባኤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት ይቀመጣሉ። ወጣት ማለት እኛው ነን። ወንበሩ ተሰጥቶናል፤ ከመካከላችን ሄዶ የተቀመጠበት ግን ስንቱ ነው?

ለእናትየው አምስታችን አዋጥተን 3,000 ብር በቴሌብር ላክንላቸው። ልጃቸው የቈጠበው መስሏቸው መረቁት፤ እርሱም እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገራቸውም። ትንገራቸው ወይስ አትንገራቸው በሚለው እስካሁን አልተስማማንም።

እኛ የምናስቀድስበት ደብር ያለፈው ዓመት ገቢና ወጪ በምእመናን ፊት እንዲነበብ፣ ለጉባኤ ቤቱ ተማሪዎችም ስንት እንደ ደረሰ እንዲነገረን የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈናል። እስካሁን የፈረምነው 14 ነን። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአክብሮት ለሰበካ ጉባኤው እናቀርባለንና፣ መፈረም የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ማታ በመጽሔቱ ክፍል ታገኙናላችሁ።