ለጠቋሚ ስንት ይከፈላል?

ከጭሮ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጓዘ ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቃል። መኪናው ሞልቶ ሊነሣ ሲል አንዲት እናት ትገባለች፤ ገና መቀመጫዋን ሳትይዝ ዐይኗ የሚፈልገው ደብተር የያዘ ልጅ ነው። «ልጆቼ፣ ይህችን ከእግራችሁ ሥር አድርጉልኝ፤ እናንተን ማንም አይፈትሽም» ትላለች። ይህች የተባለችው በፌስታል የተጠቀለለች ዕቃ ናት። ሽቶ ትሁን ሲጋራ፣ ወይም ሁለት ሦስት ሞባይል ስልክ፣ አንጠይቅም። ቍልቍለቱን ወርደን ሚኤሶን እስክናልፍ ድረስ በጫማችን መካከል ትቀመጣለች፤ ከዚያ በኋላ ኬላ ይመጣል።

ባለፈው ዕረፍት ስንመለስም እንዲሁ ሆነ። ፈታሹ ገባ፤ የተማሪ መታወቂያችንን አየና አለፈ። ሴትዮዋ ከኬላው ማዶ መርቃን ወረደች። ከመካከላችን አንዱ ግን ከዚያ እስከ አዳማ ድረስ ሲያሰላ ቆየ። ለጠቋሚ ወሮታ እንደሚከፈል ሰምቶ ኖሮ «ዝም በማለታችን ስንት አጣን?» አለን። በቀልድ የተጀመረ ነገር ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ጠብ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ክርክር ነው።

ጓደኛችን ክፉ ሰው አይደለም። ክርክሩም ባዶ አልነበረም። በጭሮ፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ ቀረጥ ከፍሎ ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ ሱቁን ከፍቶ ሲውል፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ደጃፉ ላይ በግማሽ ዋጋ ይቸበቸባል። ይህ ሰው በደል ደርሶበታል። መንግሥትም ከዚሁ ተነሥቶ ነው ወሮታ የሚከፍለው፤ በጉምሩክ ሥርዐታችን ኮንትሮባንድ የሚጠቁምም የሚይዝም ሰው ወሮታ አለው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ገንዘብ በሕገ ወጥ መንገድ የሚመነዝሩትንና ወርቅ የሚያሸሹትን ለሚጠቁም ወሮታ እንደሚከፍል አስታውቋል።

ይህ የእኛ አገር ፈሊጥ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1984 ያቋቋመው የወሮታ ፕሮግራም መጀመሪያ አሸባሪዎችን ለሚጠቁም የታሰበ ነበር፤ እያደር ግን ሰፍቶ በሰሜን ኮሪያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዴት እንደሚጣስ ለሚያስረዳ ሰው እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እንሰጣለን እስከ ማለት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የወጣው ሕጋቸውም ማዕቀብ የጣሰ ድርጅት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲቀጣ ለጠቋሚው ከቅጣቱ ከመቶ 10 እስከ 30 እጅ ይመድብለታል። ነገሩ አንዳንድ ጊዜ ልብ ወለድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢራንን ዘይት የጫነች አንዲት መርከብ ካፒቴን፣ መርከቢቱን ልትያዝበት ወደምትችል ወደብ ቢመራ ብዙ ሚሊዮን ዶላር እንደሚያገኝ ከአሜሪካ ባለሥልጣን ደብዳቤ ተጻፈለት። ካፒቴኑ ግብዣውን አልተቀበለም። ብዙም ሳይቆይ የራሱ ስም ማዕቀብ ከተጣለባቸው ሰዎች መዝገብ ገባ።

ይህን ሁሉ በጅምላ አንኰንንም። በባንክ መዝገብና በስመ ኩባንያ የተሸሸገን ሥራ ከውስጥ ያለ ሰው ካልተናገረ ማን ያውቀዋል? እንዲህ ያለው ሰው ሲናገር እንጀራውን ያጣልና ካሣ ቢያገኝ ፍትሕ ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሕግ የሚጣሰው በእርግጥ ጠቋሚ ስለ ጠፋ ነውን?

ማዕቀብ ሲነሣ የጭሮ ልጅ ዝም ብሎ ሊያልፍ አይገባውም። ከተማችንን አሰበ ተፈሪ ብለው በራስ ተፈሪ ስም የቆረቈሯት፣ በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዢ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒሁ ሰው፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የወልወል ግጭት በኅዳር 1927 ከተነሣ በኋላ ኢትዮጵያን ወክለው ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ተከራክረዋል። ያችን ኮረብታማ ከተማ ያቋቋመ ሰው ዓለም ቃሉን ሲበላ በዐይኑ አይቷል ማለት ነው።

የሆነውን እናስታውስ። ኢጣሊያ በመስከረም 1928 ወረረችን፤ ኅዳር 8 ቀን 1928 የማኅበሩ ማዕቀብ ተጀመረ። መሣሪያ እንዳይሸጥላት፣ ብድር እንዳይሰጣት፣ ዕቃዋ እንዳይገዛ ተባለ። ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። የድንጋይ ከሰልና ብረትም እንደዚሁ። የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋባትም። ወታደሩን፣ መድፉንና የመርዙን ጋዝ የጫኑት መርከቦች በጠራራ ፀሐይ፣ የመተላለፊያ ኪራይ እየከፈሉ ነው ያለፉት። የማኅበሩ አባል ያልነበረችው አሜሪካ ነጋዴዎቿ ዘይት እየሸጡ አተረፉ። ማዕቀቡ በሐምሌ 1928 ሲነሣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ንግግር ካደረጉ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም ነበር። በቦዩ ዳር ቆሞ የሚያልፉትን መርከቦች የቈጠረ አንድ ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር ለማወቅ ማኅበሩ ስንት ዶላር ወሮታ መመደብ ነበረበት?

ከዚያ ወዲህም በጎረቤታችን ያየነው ይኸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 የሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ። ከሰሉ ግን ከኪስማዮ ወደብ መውጣቱን ቀጠለ፤ የምክር ቤቱ ተቈጣጣሪዎችም በየዓመቱ ጻፉ። ከሰል የጫነ መርከብ እንደ ሽቶ ጠርሙስ በፌስታል ተጠቅልሎ ከተማሪ እግር ሥር አይደበቅም። መረጃ ነበር፤ እጅ ነው የጠፋው።

እንግዲህ ወደ መንገዳችን እንመለስ። በጭሮ ጠቋሚ የሚሆን ሰው የሚያውቀው ማንን ነው? ጎረቤቱን ነው። ማታ በጓሮ በር ቦንዳ የሚያስገባውን፣ ሁለት ካርቶን ሲጋራ ጫት ውስጥ ሸሽጎ የሚጭነውን፣ ያችን የፌስታል እናት። የዕቃው ባለቤት፣ ከድንበር ማዶ ገንዘቡን በሐዋላ የሚያዞረው ትልቁ ሰው፣ በሚኤሶም በሂርናም አይኖርም፤ መንገደኛ አያየውም፤ ረዳቱ ስሙን እንኳ አያውቀውም። ስለዚህ ወሮታው ምን ያህል ቢከፈል ለድኻ በድኻ ላይ የተሰጠ ደመወዝ ሆኖ ይቀራል። የተያዘችው ሴት ሠርታ የምትከፍለው ዕዳ ይተርፋታል፤ ባለ ዕቃው በማግሥቱ ሌላ እናት ይቀጥራል።

ጠቋሚውስ? በትንሽ ከተማ ምሥጢር አያድርም፤ ጠዋት ጭሮ የተወራ ማታ ሂርና ይሰማል። ወር ሳይሞላ ባጃጅ የገዛ ሰው ከየት አመጣው መባሉ አይቀርም፤ ምናልባት ያ ሰው የገዛው ከአረብ አገር እኅቱ በላከችለት ገንዘብ ይሆናል፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ ቡና የሚያጣጣው አያገኝም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀበሌ ጥቆማ ልጆቻቸውን ያጡ ናቸው። «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል ዛሬም ሲነገር ድምፅ ዝቅ የሚደረገው በከንቱ አይደለም። ያኔ የሚነዳው ፍርሃት ነበር፤ ዛሬ ገንዘብ ቢሆን ሰሚው ልዩነቱን አይቈጥርልህም።

በድሮው ዘመን አፈርሳታ የሚባል ነገር ነበር። ወንጀል ሲፈጸም አገሩ ይሰበሰባል፤ ሰው ሁሉ እየማለ ይጠየቃል፤ ወንጀለኛው ካልተገኘ አገሩ በሙሉ ዕዳውን ይከፍላል። ይመለስ አንልም፤ ገበሬውን በእርሻ ወራት ሥራ እያስፈታ፣ ንጹሑንም ከሌባው ጋር ያስከፍል ነበርና። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ የተናገረ ሰው የሚናገረው በመሐላ እንጂ በድርሻ አልነበረም።

ስለ ዶላሩም አንድ ቃል። መንግሥት በሐምሌ 2016 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ ለጊዜው ተቀራረበ። ስንት ጠቋሚ ተከፍሎት ይህን ማድረግ ይችል እንደ ነበር የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ያስሉልን። የዋጋው ልዩነት ተመልሶ በሰፋ ቍጥርም መንገዱ ተመልሶ ይሞላል።

ወሮታ ጨርሶ ይቅር ከሚሉት ጓደኞቻችን ጋር ግን አንስማማም። የምንለው እንዲህ ነው። ወሮታ ሊከፈል የሚገባው ባለ ዕቃውን ላመለከተ እንጂ ተሸካሚዋን ላስያዘ አይሁን። የሚከፈለውም ዕቃው ኬላ ላይ በተወረሰ ማግሥት ሳይሆን ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ከለየ በኋላ ይሁን። በተለይ ለሚይዘው ሹም የሚሰጠው ድርሻ ያሳስበናል፤ ፈታሽ ከሚወርሰው ዕቃ ላይ የሚያገኘው ካለ፣ ደረሰኝ ያለውም ዕቃ በዐይኑ ኮንትሮባንድ እንዳይመስለው ምን ያግደዋል? በሐሰት የጠቆመን ሰው የሚቀጣ ድንጋጌ በወንጀል ሕጋችን አለ፤ ነገር ግን ስሙ ያልታወቀን ጠቋሚ ተከሳሹ እንዴት አድርጎ ይከሰዋል?

ከአዳማ በኋላ ጓደኛችን ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ ትልቁን ሰው ባውቀውና ብጠቁመውስ፣ ማን ይጠብቀኛል?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ስንደርስ አዋጁን ፈልገን አነበብነው። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 699 በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ጥበቃውን የሚሰጠው ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚደርስ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ለጥቆማው ገንዘብ የሚከፈልበት ወንጀል ሁሉ ከዚህ መስመር በላይ ይውላልን? ከመስመሩ በታች የሆነውንስ የጠቆመ የሚኤሶ ልጅ ወሮታውን ተቀብሎ ማታ ወደ ማን ቤት ይግባ? የሕግ ተማሪዎች የሆናችሁ ጓደኞቻችን በሚቀጥለው እትም እንድትመልሱልን እንጠይቃለን።