ልጁ ቡችላዋን ለምን ደበቃት?



ባለፈው ክረምት እህቴ ከሞጣ ደወለችልኝ። እኔ ቢቸና ነኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ቶሎ ና! ልጁን ውሻ ነክሶታል። ከነከሰው ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ደብቆኝ ነው!» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ ሆኖ ሲማር ስካውት ገብቶ ነበር። ወደ ሞጣ ሲመለስ አንድ የአንገት ስካርፍና አንድ ልማድ ይዞ መጣ፤ በየቀኑ አንድ በጎ ሥራ መሥራት። ለጎረቤት አሮጊት ውኃ ይቀዳል፤ መስጊድ ደጃፍ የተዝረከረከ ጫማ ያስተካክላል። አንድ ዝናባማ ምሽት ቦይ ውስጥ በብርድ የምትንቀጠቀጥ ቡችላ አገኘ። «የዛሬው በጎ ሥራዬ ይቺ ናት» ብሎ በሹራቡ ጠቅልሎ አመጣት።

እናቱ በር ላይ ተቀበለችው። «ነጃሳ ይዘህብኝ ትገባለህ? ውሰድና ጣላት!» አለችው። ይዟት ወጣ፤ ግን አልጣላትም። ከማገዶው ክምር ጀርባ ደበቃት። ራቱን እየከፈለ ያበላት ጀመር። በማግስቱ ሲያጫውታት ጣቱን ነከሰችውና ደማ። ለማን ይናገር? ቢናገር ቡችላዋ ትጣላለች፤ እሱም ይገረፋል። ዝም አለ። ነገሩ የታወቀው ጣቱ አብጦ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ ከንክሻው ይልቅ ያስደነገጠኝ ያ ዝምታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል። በበሽታው ከተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱ 100 ሰዎች 40ዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን መከላከል ይቻላል፤ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመር፣ በየቀጠሮው መጨረስ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ልጁ «ተነከስኩ» ብሎ ሲናገር ነው። ቡችላ የሚያስደብቅ ቁጣ ንክሻም ያስደብቃል።

አልሐምዱሊላህ፣ ክትባቱን ጀመረ፤ ቀጠሮውንም ጨረሰ። ቡችላዋም ለ10 ቀን ክትትል ተደርጎላት ጤነኛ ሆና ቆየች። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብለን መነጋገር የጀመርነው።

እህቴ የተሳሳተችው ከየት ላይ ነው? ጦሃራን መጠበቋ ልክ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። ያለ ምክንያት ውሻ ማሳደግ ከአጅር በየቀኑ እንደሚያስቀንስም በሐዲስ ተነግሯል። ሆኖም ያው ሐዲስ ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ የሚያዘውን ለይቶ አውጥቶታል። ብዙ ዑለማዎች ቤት የሚጠብቀውንም በዚህ ላይ ቀይሰው ፈቅደዋል። በማሊኪይ መዝሀብ ደግሞ ውሻ በራሱ ነጃሳ አይደለም። ሱረቱል ካህፍ ውስጥ ከዋሻው ባልደረቦች ጋር ውሻቸው ተወስቷል። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው አላህ እንደማረው የነገሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ልጁ ከቦይ ሲያወጣት የሠራው ሥራ ከዚህ በምን ይለያል?

ሳሎን ውስጥ፣ አልጋ ላይ ውሻ ይተኛ እያልኩ አይደለም። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ግቢ ጥግ ላይ መጠለያ ተሠራላት፤ የምትበላበት ዕቃ ለብቻ ሆነ፤ ከነካት በኋላ እጁንና ልብሱን ሳያጠራ ሶላት የለም። ዕድሜዋ ሲደርስ የእብድ ውሻ ክትባት ተከተበች፤ ክትባቱም እየታደሰ ይቀጥላል። የምግቧና የክትባቷ ቀን የልጁ አማና ነው። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላጓደለም። ሰባት ጊዜ ማጠብን ከኪታብ በፊት በእጁ ተማረው።

የስካውቱ ነገር ግን ገና አላለቀም ነበር። ሞጣ ከመጣ በኋላ ትምህርት ቤት ክበብ ገብቶ፣ ችግኝ ለመትከል ወጥተው አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሊያድሩ ነበር። እህቴ «ይሄ የፈረንጅ ነገር አሁንስ በዛ!» አለች። እውነት ነው፣ ስካውትን የጀመረው እንግሊዛዊው መኮንን ቤደን ፓወል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ ያህል ልጆች ይዞ በሰፈረበት ካምፕ። ዛሬ ግን በዓለም ላይ ብዙ ስካውት ያላት አገር ኢንዶኔዥያ ናት። በሐጅ ወቅት መንገድ የጠፋባቸውን ሑጃጆች ወደ ድንኳናቸው የሚያደርሱትም የሳዑዲ ስካውቶች ናቸው።

ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን ከበደኝ። «ከእነማን ጋር ነው የሚያድረው?» አለችኝ። ይህን ፍርሃት የሚያቃልል ሰው ሞጣን አያውቃትም። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መስጊዶቻችን ሲቃጠሉ፣ ሱቆች ሲዘረፉ ያየች እናት ልጇን ከዓይኗ ማራቅ ቢያቅታት አይፈረድባትም። እኔ ያልኳት ይህን ነው፦ «ያ ቀን እንዳይደገም ከፈለግሽ ልጅሽ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ልጅ ጋር አብሮ ድንኳን ይትከል። አብረው እንጨት የለቀሙ ልጆች ነገ አድገው ክፉ ወሬ ሲነዛ ደውለው የሚጠይቁት ሰው አላቸው።»

በጭፍን ፍቀጂ ግን አላልኳትም። አብረን ሄደን የክበቡን ኃላፊ አነጋገርን። ሶላት የት ይሰግዳል? ምን ይበላል? ከማን ጋር ይተኛል? ማን ይጠብቃቸዋል? መልሱን ሰምታ ፈቀደች። ባታምንበት ኖሮ መከልከል መብቷ ነበር። ጠይቆ መከልከልና ሳይጠይቁ መጮህ ግን ይለያያሉ። ልጅ የመጀመሪያውን ይረዳል፤ ከሁለተኛው ይደበቃል።

ወጣቶች ሆይ! በየቤታችን እኛ ታላቅ ወንድምና እህት ነን። ታናሾቻችን ከአባት ከእናት በፊት የሚያዩት የእኛን ፊት ነው። ነገ አንዱ ቡችላ፣ አንዱ ስልክ፣ አንዱ አዲስ ጓደኛ ይዞ ይመጣል። «ሐራም!» ብለን በር ከመዝጋታችን በፊት «ና፣ ቁጭ በል፣ ንገረኝ» እንበል። ብይኑን ከኡስታዝ እንጠይቅ፤ የሚፈቀደውን በሥርዓቱ እናድርግ፤ የማይፈቀደውን ምክንያቱን ነግረን እንከልክል። መንገድ ላይ ውሻ በድንጋይ የሚወግር ልጅ ስናይም ዝም ብለን አንለፍ።

የእህቴ ልጅ ከካምፑ ሲመለስ እግሩ በእሾህ ተወግቶ ነበር። በሩን እንዳለፈ መጀመሪያ ያለው «እማ፣ ተወግቻለሁ፣ እዪልኝ» ነው። እህቴ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም የማይፈሩን ታላላቆች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።