«ሹመት ያዳብር» ካልነው በኋላስ?

ነቀምቴ የሄድኩት በቡና ወቅት ነው። የቀድሞ ጎረቤታችን ልጅ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የገንዘብ ከፋዮች ተቆጣጣሪ ሆኖ ከተሾመ ሁለት ወሩ መሆኑን ሰምቼ፣ «ሹመት ያዳብር» ልለው ጎራ አልኩ። አዳራሹ ቡና ሸጠው በመጡ ሰዎች ጢም ብሏል። እሱን ያገኘሁት ከጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ፊቱ ላይ ላፕቶፕ ተከፍቷል፤ በሩ ላይ ደግሞ አንዲት ሠራተኛ ፊርማ ፈልጋ ቆማለች።

«የአዲስ ኃላፊዎች ሥልጠና ላይ ነኝ» አለኝ። ካሜራው ተዘግቷል፣ ድምፁም ሚውት ነው። ከአዲስ አበባ የሚያሠለጥኑት ሰው ስለ አመራር ዓይነቶች ያስረዳሉ። በየመሀሉ ኔትወርኩ ይቆረጥና ምስሉ ደርቆ ይቀራል። «ጋሼ፣ ስሜ እዚያ ላይ አለ፤ እኔ ግን የለሁም» ብሎ ሳቀ።

ምን እያስቸገረው እንደሆነ ስጠይቀው ግን ሳቁ ጠፋ። ሥራውን ያስተማረችው፣ በዕድሜም የምትበልጠው ሴት አሁን በእሱ ሥር ሆናለች። በዚያ ሳምንት ሒሳብ ስትዘጋ ሁለት ቀን ገንዘብ ጎድሎባታል። «እንዴት ብዬ ልናገራት? ዝም ካልኩ ሌሎቹ ያያሉ። ከተናገርኩ ደግሞ ‹ገና ሳይሾም ተለወጠ› ይሉኛል።»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከዚያ ስክሪን ላይ አልወጣም። ሊወጣም አይችልም፤ የጠየቀው ሰው አልነበረምና።

ይህ የአንድ ልጅ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎም ያው ነው። ጎበዝ ነርስ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ትሆናለች፤ ጎበዝ መምህር ርዕሰ መምህር ይሆናል፤ ጎበዝ ቴለር ተቆጣጣሪ ይሆናል። ደብዳቤው ይሰጣል፣ «ሹመት ያዳብር» ይባላል፣ በማግሥቱ ሰውየው ትናንት አብሮት ሻይ ሲጠጣ የነበረውን ባልደረባውን ማዘዝ ይጀምራል። አንድን ሥራ ጥሩ አድርጎ መሥራት ሌሎችን ከማሠራት ጋር አንድ ይመስለናል። በአሜሪካ ኩባንያዎች የሽያጭ ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ኩባንያዎቹ ለሹመት የሚያስቀድሙት ብዙ የሸጡትን ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ኃላፊ ሲሆኑ ግን በሥራቸው ያሉት ሠራተኞች ሽያጭ ቀነሰ። እንግዲህ ያለ ዝግጅት ስንሾም ሁለት ጊዜ ነው የምንከስረው፦ ጎበዝ ሠራተኛ እናጣለን፣ የተደናገረ አለቃ እናተርፋለን።

«ታዲያ አዲስ አበባ ጠርቶ ማሠልጠን ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይርቃል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ መንገድ ላይ መውጣት ምን ማለት እንደነበረ አካባቢውን የሚያውቅ ያውቀዋል። በጸጥታው ምክንያት ጉዞ ይሰረዛል፣ ቤተሰብም «ይቅርብህ» ይላል። የጉዞውና የአበሉም ወጪ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለወለጋ ከተሞች የስክሪን ሥልጠና ቅንጦት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያለው አማራጭ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከተበላሸ ሌላ የሚተካው የለም።

ስክሪኑም ቢሆን የሚታመን አይደለም። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ወር ገደማ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደነበር እናስታውሳለን። የተከፈተው በመጋቢት መጨረሻ፣ ኮሮና ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ነው። ሌላው አገር በዙም መሰብሰብ ሲለማመድ ወለጋ ገና ስልክ መደወል እየጀመረ ነበር። ይህን የሚያውቅ አሠልጣኝ ትምህርቱን በሙሉ በቀጥታ ሥርጭት ላይ አይንጠለጥልም።

ግን ኔትወርኩን ብቻ ተጠያቂ ካደረግን ራሳችንን እናታልላለን። ነገ ጠዋት ነቀምቴ የሚደነቅ ኢንተርኔት ቢኖራት እንኳ፣ መቶ ሰው ካሜራ ዘግቶ አንድ ሰው ሲናገር የሚውልበት ነገር ሥልጠና አይሆንም፤ ሬዲዮ ነው። የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 እንደጻፉት የቪዲዮ ስብሰባ ከሚያደክምባቸው ምክንያቶች መካከል የሰው ዓይን በቅርበት እንዳፈጠጠብን መዋሉ፣ የራስን ፊት ሲያዩ መዋልና አንድ ቦታ ተቸክሎ መቀመጥ ይገኙበታል። ካሜራውን ስንዘጋው ድካሙ ይቀል ይሆናል፤ ግን አሠልጣኙ ማን እንደገባው፣ ማን ደንበኛ ሊያስተናግድ እንደተነሳ ማየት ያቅተዋል።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ልምድ በሌላቸው አዲስ ሠራተኞች ሲሞሉ መንግሥት ለየክፍሉ ተቆጣጣሪዎች አንድ ሥልጠና ዘረጋ። አሥር ሰው ገደማ በአንድ ቡድን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለአምስት ቀን፤ በድምሩ አሥር ሰዓት ብቻ። ሠልጣኙ ከራሱ የሥራ ቦታ አንድ እውነተኛ ችግር ይዞ መምጣትና በሌሎቹ ፊት ሠርቶ ማሳየት ነበረበት። እ.ኤ.አ. እስከ 1945 ከ1 ነጥብ 6 ሚሊዮን በላይ ተቆጣጣሪዎች በዚህ መንገድ አለፉ። ከጦርነቱ በኋላ ዘዴው ወደ ጃፓን ተሻገረና ዛሬ ካይዘን ለምንለው አሠራር አንዱ መሠረት ሆነ። እኛም ካይዘንን ተቀብለን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት አቋቁመንለታል። ያኔ ዙም አልነበረም፣ ኮምፒውተርም አልነበረም። የነበረው ትንሽ ቡድን፣ አጭር ሰዓትና የራስ ችግር ነው። ሦስቱም በስክሪን ላይ ይሠራሉ።

ወደ ወለጋ ስናመጣው፣ ገለጻው አስቀድሞ በድምፅ ተቀርጾ በቴሌግራም ይላክ፤ ኔትወርክ ሲመጣ ያወርዱታል፣ ማታ ቤታቸው ሆነው ያዳምጡታል። የቀጥታው ሰዓት ለውይይት ብቻ ይቀመጥ፤ ከአሥር ሰው አይብለጥ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩልም አይርዘም። መስመሩ ከተቆረጠ በስልክ ደውሎ መቀጠል እንዲቻል ቁጥሩ አስቀድሞ ይሰጥ። ሠልጣኙ በዚያ ሰዓት ከሥራው ይለቀቅ፤ የሚተካው ሰው በስም ይታወቅ። ቀኑ ሲመረጥም ለቅርንጫፉ ይደወልና «የገበያ ቀናችሁ መቼ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ቋንቋም አይረሳ፤ ደንበኛውንም ሠራተኛውንም ቀኑን ሙሉ በአፋን ኦሮሞ የሚያነጋግርን ኃላፊ፣ ሠራተኛን እንዴት እንደሚመክር በእንግሊዝኛ ስላይድ ማስተማር ምን ይሉታል?

ከሁሉም በላይ ግን ከሥልጠናው በኋላ ያለው ወር ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ኃላፊ በቅርብ ከተማ የሚሠራ አንድ ነባር ኃላፊ ይመደብለት፤ በሳምንት አንዴ ይደውልለት። ወጪ ይበዛል የሚሉ ይኖራሉ። መቶ ሰው በአንዴ ማሠልጠን ለሪፖርት እንደሚመች አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለመቶ ሰው ተከፍሎ ማንም ካልተማረበት ርካሽ ነው ልንለው አንችልም።

ያን ቀን ልጁን «ከዚህ በፊት ይህ የገጠመውን ሰው አታውቅም?» አልኩት። ትንሽ አሰበና ጊምቢ ለሚሠራ የቀድሞ አለቃው ደወለ። ሃያ ደቂቃ ያህል በአፋን ኦሮሞ ሲያወሩ ብዙውን ጊዜ ያዳምጥ የነበረው የእኛው ልጅ ነው። ስልኩን ሲዘጋ «መጀመሪያ ጠይቃት እንጂ አትናገራት አለኝ፤ ሰው ባለበትም እንዳይሆን» አለኝ።

ከወር በኋላ ደወለልኝ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ቁጭ ብለው ተነጋግረዋል። በወቅቱ ግርግር ምሳ ሰዓት የሚተካት ስለሌለ ሳታርፍ ትቆጥር ኖሯል። የምሳውን ተራ አስተካከለ፤ ከዚያ ወዲህ ሒሳቧ አልጎደለም።

«ሥልጠናውስ እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«ሰርተፊኬቱ መጥቷል ጋሼ» አለኝ።