ጡቡን ለስደተኛው ስጡት

ወጣቶች፣ እስቲ የኅብረታችሁን አዳራሽ ግድግዳ ተመልከቱ። ንስር አለ፤ አንበሳ አለ፤ ከተራራ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ አለች። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ደጃችን መጥቶ ነበር፤ ከዳባት ብዙም በማይርቀው ጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ግድግዳችን ግን ይህን የሰማ አይመስልም። አንድ ወጣት የተቃጠለ ቤት ሥሎ ቢያመጣ፣ «ወንድሜ፣ ይህ የእምነት ሥዕል አይደለም፤ ድልን ሣል» እንለዋለን። ይህ ምክር መንፈሳዊ ይመስላል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን አይደግፈውም።

ነቢዩ ሕዝቅኤልን አስቡት። ተማርኮ በባቢሎን ምድር፣ በኮቦር ወንዝ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነው። በምዕራፍ 4 እግዚአብሔር ምን አዘዘው? ጡብ ወስዶ ኢየሩሳሌምን እንዲሥልባት፣ ከዚያም በምሽግና በጦር ሰፈር እንዲከብባት። ጥሏት የመጣትን ከተማ፣ ያውም በጦርነት ተከብባ፣ እንዲያሳይ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ ለምርኮኞቹ «ቶሎ ትመለሳላችሁ» የሚሉ ሐሰተኞች ነቢያት ነበሩ። ጡቡ ግን እውነቱን ነገራቸው። የደረቁት አጥንቶች ሕያው የሆኑበት ራእይም አለ፤ የሚገኘው ግን በምዕራፍ 37 ነው። እኛ ምዕራፍ 4ን ዘለን 37 ላይ መድረስ እንፈልጋለን።

«የተቀረጸ ምስል ተከልክሏል» የሚል ይኖራል። የተከለከለው ለምስል መስገድ ነው። በዚያው በዘጸአት፣ በምዕራፍ 31፣ ባስልኤል ለእጅ ጥበብ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ አላነበባችሁም?

ሌላው ደግሞ፣ «ከአገር የወጣ ሰው ስለ አገር ሥቃይ ምን ያውቃል?» ይላል። ይህን የሚል ሰው በቅድሚያ ሕዝቅኤልን ዝም ያሰኝ! በእኛም ዘመን ጁሊ ምሕረቱን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች፤ በ1977፣ በደርግ ዘመን፣ ከቤተሰቧ ጋር ተሰድዳ በአሜሪካ አደገች። ዛሬ በዓለም ከታወቁ ሠዓሊዎች አንዷ ናት። በበርካታ ሥራዎቿ የጦርነትና የግጭት የዜና ፎቶግራፎችን ወስዳ ታደበዝዛለች፤ በላያቸው ደግሞ በቀለምና በመስመር ትሥላለች። ፎቶግራፉ የየት ከተማ እንደ ሆነ በዓይን መለየት ያዳግታል። የፈረሰ ነገር እንዳለ ግን ይሰማል። ልጅ ሆና የወጣች ሴት የአገር መፍረስን ዓይኗን ሳትነቅል ካየች፣ እኛ እዚሁ ያለነው ዓይናችንን የምንጨፍነው ለምንድን ነው?

ሠዓሊ ስደተኛ ፍለጋም አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. ዳባት አጠገብ በተከፈተው አለምዋጭ መጠለያ ኤርትራውያን ስደተኞች ይኖራሉ። ብዙዎቹ መጀመሪያ አገራቸውን ጥለው ወጡ፤ ቀጥሎም በትግራይ ከነበሩበት መጠለያ ጦርነት አባረራቸው። ሁለት ጊዜ የተሰደደ ሰው እጅ ላይ እርሳስ ቢገባ ምን የሚሥል ይመስላችኋል? ንስር?

ስለዚህ ይህን አድርጉ። ከአዳራሻችሁ አንዱን ግድግዳ በኖራ ቀቡትና ባዶውን ተዉት። ከአለምዋጭም፣ ከጭናም፣ ከራሳችሁም መካከል ቤቱን ያጣውን ጥሩና ቀለም ስጡት። «ድል ጨምርበት» አትበሉት፤ አታርሙት። ሲጨርስ ፊት ለፊቱ ቁሙና ለሣለው ቤት፣ በዚያም ቤት ለነበሩት ሰዎች በስም እየጠራችሁ ጸልዩ።