ከመንገድ የሚወርደው ጎርፍ ባለቤት ይኑረው

መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲገባ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ በወቅቱ እንደሚደርስ፣ እህሉ ገበያ እንደሚወጣ፣ ወላድ እናትም በቃሬዛ ከመጓዝ እንደምትድን የታወቀ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ሲነሣም ዓላማው ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ መንገዱ ከመኪናው ሌላ ጎርፍንም ያስኬዳል። ይህ ሁለተኛው መንገደኛ በአብዛኛው ባለቤት የለውም።

መንገድ ተዳፋትን አቋርጦ ሲያልፍ ቀድሞ በየማሳው ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ በመንገዱ ዳር ቦይ ይሰበሰብና በአንድ ቱቦ በኩል በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ይለቀቃል። ከመቐለ ወደ ዓድዋ የሚወስደው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 ከተሠራ በኋላ ተመራማሪዎች 6.5 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ክፍል አጥንተው ነበር። በዚያች አጭር ርቀት ከመንገዱ ሥር 9 አዳዲስ ቦረቦሮች፣ ከ100 እስከ 500 ሜትር ወረድ ብሎም ሌሎች 7 ቦረቦሮች ተፈጥረው ተገኝተዋል። ጎርፉ በመንገዱ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን መጠነኛ ነበር። መንገድ ሠሪው የሚያስረክበው መንገዱን ነው፤ የተቦረቦረው ማሳ አቤቱታ የሚቀርበው ለገበሬ ማኅበሩ አመራር ነው።

ጎርፉ ባዶውን አይወርድም። ከጠጠሩ መንገድ ገጽና ለመንገዱ ሲባል ከተቆረጠው ገደል አሸዋና ሸክላ አፈር ጠርጎ ይመጣል። ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አንድ ሜትር ለመስጠም 2 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ውፍረቱ ከ0.002 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው ሸክላ ግን 3 ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። በዚህም የተነሣ አሸዋው ከቱቦው አፍ ብዙ ሳይርቅ ቡቃያውን ሲቀብር፣ ሸክላው ኩሬ እስኪደርስና ምንጭ እስኪያደፈርስ ይጓዛል። ይህን ለማረጋገጥ የሚሻ ሰው ከቱቦ የወጣ ጎርፍ በጠርሙስ ቀድቶ ከቤቱ ጥግ ያስቀምጥ።

መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከጎማ የሚፋቀው ብናኝ ዚንክ፣ ከፍሬን ሸራ የሚወጣው ብናኝ መዳብ ይይዛል፤ ከሞተር የሚንጠባጠበውም ዘይት በደረቁ ወራት ከአቧራው ጋር ይከማቻል። ቅንጣቱ በደቀቀ መጠን በክብደቱ ልክ የሚሸከመው ብክለት ስለሚበዛ፣ ጥርት ብሎ የማይጠራው ያ ሸክላ ከሁሉ የከፋው ተሸካሚ ነው። በቀን ሁለትና ሦስት መኪና በሚያልፍበት የቀበሌ መንገድ ይህ ብዙ አያሰጋም፤ እዚያ ችግሩ ደለል ነው። ከአስፋልት ሥር፣ ከጋራዥ፣ ከጎሚስታና ከነዳጅ ማደያ በታች ባለ መሬት ግን ከቦይ የተዛቀ ደለል ለም አፈር መስሎ በጎመንና በሰላጣ መደብ ላይ ሊበተን አይገባም።

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል የመንገድን ጎርፍ ወደ ኩሬና ወደ ትሬንች የመምራት ሥራ ተስፋፍቷል። ሊከተሉት የሚገባ ተግባር ነው። ነገር ግን የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናቦች መንገዱን የሚያጥቡ በመሆናቸው ከኩሬው ውጭ ቢለቀቁ ይመረጣል። የቀረውም ቢሆን ለመስኖ እንጂ ለመጠጥ አይታሰብ። ከኩሬው በፊት ውሃው ገብቶ የሚረጋበት የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ካልተቆፈረ ደግሞ፣ ሕዝብ በጉልበቱ የቆፈረው ኩሬ በጥቂት ክረምት ሜዳ ይሆናል።

አንዳንድ ገበሬ ማሳው ሲቦረቦርበት የቱቦውን አፍ በሌሊት በድንጋይ ይደፍናል። ንዴቱ አያስደንቅም፤ ውጤቱ ግን ጎርፉን ለጎረቤቱ ማሳለፍ፣ መንገዱንም ማስቆረጥ ነው። ከዚህ ይልቅ የማኅበሩ አመራር ገና መንገዱ ሲቀየስ ከልማት ሠራተኛው ጋር በቦታው ተገኝቶ፣ እያንዳንዱ ቱቦ ውሃውን በማን ማሳ ላይ እንደሚጥልና እስከ ወንዙ በየት በኩል እንደሚወርድ መጠየቅ አለበት። ለዚህ መልስ ያላገኘ ቱቦ ከመቀበሩ በፊት ቦታው እንዲለወጥ ወይም ቱቦዎቹ እንዲበዙና ውሃው እንዲከፋፈል ማመልከት መብቱ ነው። መንገዱ ቀድሞ ተሠርቶ ከሆነ ከቱቦው በታች ያለው መውረጃ በድንጋይ ክትርና በሣር ይያዝ፤ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በሚካሄደው የተፋሰስ ሥራም ከተራራው እርከን ጋር አብሮ ይታቀድ።

የደለል ጉድጓዱ ከሞላ እንዳልተቆፈረ ይቆጠራል። ስለዚህ በሰኔ መግቢያና ከዚያም ከከባድ ዝናብ በኋላ ጉድጓዱን የሚጠርጉት ሰዎች ስምና ተራ ከወዲሁ በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ሊሰፍር ይገባል።