የ2002ቱ ምርጫ የተሸነፈው በቀበሌ ነው

የአብደራፊ፣ የአብርሃጅራ፣ የገንዳ ውኃና የመተማ ዮሐንስ መራጮች!

ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ምርጫ ውጤት ሲነገር የፓርላማው 547 መቀመጫ እንዲህ ተደለደለ፦ ኢሕአዴግ 499፣ አጋሮቹ 46፣ መድረክ 1፣ የግል ተወዳዳሪ 1። ይህ ሕዝብ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ለቅንጅት ብቻ ከመቶ በላይ መቀመጫ የሰጠ ሕዝብ ነው። ታዲያ መድረክ ለምን ተሸነፈ? የአንድ አገር ሕዝብ ልብ በአምስት ዓመት እንዲህ ይገለበጣል?

ገዢው ፓርቲ መልሱን አዘጋጅቶ ጠበቀን። ሕዝቡ ልማቱን አይቶ መረጠን፣ ተቃዋሚውን ግን ስለ ጭቅጭቁ ቀጣው አለ። ልማት ያየ ሕዝብ ቢመርጥ አያስገርምም፤ ከ547 መቀመጫ 545 የሚያስገኝ ልማት ግን የት አገር ታይቶ ያውቃል? ተቃዋሚው በበኩሉ ድምፃችን ተዘረፈ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችም ሜዳው ለሁሉም እኩል እንዳልነበረ መስክረዋል። ይህን ማንም አይክድም። እኛ የምንለው ግን ሌላ ነው፤ ያ ምርጫ ሕዝቡ ካርዱን ይዞ ከመሰለፉ ከሁለት ዓመት በፊት አልቆ ነበር።

ሚያዝያ 2000ን አስታውሱ። የቀበሌ፣ የወረዳና የአዲስ አበባ ምክር ቤት ምርጫ የተካሄደበት ወር ነው። የቅንጅት መሪዎች ሐምሌ 1999 ከእስር በይቅርታ ወጥተዋል፤ ድርጅቱ ግን ተሰነጣጥቋል፣ ስሙም በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለሌላ ወገን ተሰጥቷል። ኅብረትና ኦፌዴን ወከባው በዛብን ብለው ከውድድሩ ወጡ። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አሸንፎ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከዚያው 138 መቀመጫ 137ቱን ወሰደ። ቁጥሩ እንኳ አልተለወጠም፤ ባለቤቱ ብቻ ተለወጠ።

ከተሜው ስለ አዲስ አበባ ሲያወራ፣ በመላ አገሪቱ ከ3.5 ሚሊዮን የሚበልጥ የቀበሌና የወረዳ መቀመጫ ከሞላ ጎደል በአንድ ወገን እጅ ገባ። የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር አስቀድሞ እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ነበር። በአንድ ቀበሌ 300 ሰው ተመራጭ ከሆነ ዘመዱ ያልተመረጠ ቤት የት ይገኛል? በ1997 ዓ.ም. ከ1 ሚሊዮን በታች የነበረው የኢሕአዴግ አባልም ብዙ ሳይቆይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ማዳበሪያው በቀበሌ፣ መታወቂያው በቀበሌ፣ የመሬት ደብተሩ በቀበሌ፣ የድጋፍ ደብዳቤው በቀበሌ! ጥርነፋው ቤት ለቤት ገባ። የተቃዋሚው ዓይን ግን አራት ኪሎ ላይ ነበር። ቤተ መንግሥት የሚያስገባው መንገድ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በኩል እንደሚያልፍ ገዢው ፓርቲ ቀድሞ ገብቶታል። ግንቦት 2002 ላይ በብዙ የገጠር ጣቢያ ከኮሮጆው አጠገብ ቆሞ የሚቆጥር የተቃዋሚ ሰው የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ይኖራል። የቀበሌና የወረዳ ምርጫ እንደገና የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው፤ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሲካሄድም የቀበሌና የወረዳ ድምፅ አልተሰጠም፤ ውጤቱም ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ሆነ። ኅዳር 2013 የሱዳን ጦር ድንበር ተሻግሮ የእርሻ መሬት ሲይዝና ገበሬው ሲፈናቀል፣ በስማችሁ መናገር የነበረባቸው የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች የሥራ ዘመናቸው ካለቀ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ታዲያ አቤት የሚባለው ለማን ነበር?

ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛም አስቡት። ሰሊጡን የሚያርመውና የሚያጭደው፣ ካላዛር የሚይዘው እሱ ነው። ለመራጭነት ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እዚህ አይመዘገብም። ምርጫው እንደ 2013ቱ ሰኔ ላይ ሲውል ደግሞ አገር ቤት የተመዘገበበትን ካርድ በኪሱ ይዞ አብደራፊ ላይ ሥራ ይፈልጋል። ድምፅ ለሌለው ሰው አጎበርና ሐኪም የሚጠይቅለት አይገኝም።

ስለዚህ ድርጅታችን ሥልጣን ከያዘ በመጀመሪያው ዓመት የቀበሌና የወረዳ ምርጫ እንዲካሄድ ያደርጋል። ወቅታዊ ሠራተኛው በሚሠራበት ቦታ ለአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሚሰጥበት ልዩ ጣቢያ እንዲቋቋም ሕግ ያቀርባል። ማዳበሪያና መታወቂያ ሲታደል የፓርቲ አባልነት የጠየቀ ሹም በሕግ ይጠየቃል።

ይህን ለማድረግ ግን አስቀድሞ ቆጠራውን ማየት ያስፈልጋል። ድምፅ የሚቆጠረው በጣቢያው ነው፤ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት ሁለት ታዛቢ እንፈልጋለን፤ አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲተካው። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ስንቁን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጥ፣ የተለጠፈውን ውጤት ገልብጦ ሳይዝ ከጣቢያው የማይወጣ ሰው ይሁን። መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ሥራ ያጣችሁ ምሩቃን፣ ስማችሁን ለዕጩዎቻችን ስጡ።